አባትሽ ለውዱእ የፈታው ፋሻ

ልጄ ፈህሚያ፣ አላህ ባለሽበት ከክፉ ይሰውርሽ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይልሻል።

አባትሽን ከቀበርን ወዲህ ዝም ያልሽው፣ «የሠራሁት መድኃኒት አላዳነውም» ብለሽ ይመስለኛል። ደብቄሽ ነው እንጂ፣ ለእግሩ የስኳር ቁስል የሠራሽለትን በብር ብናኝ የተቀባ ፋሻ ሦስት ቀን አይፈታ ብትዪም፣ እሱ ለውዱእ ሲታጠብ በቀን አምስቴ ይፈታው ነበር። ቁስሉን ውሃ ካልነካው ሶላቴ አይሞላም ይል ነበር። እኔም ፋሻውን እያጠብኩ እመልስለት ነበር። ሳይፈቱ በእርጥብ እጅ በላዩ ማበስ እንደሚበቃ ከሼሁ የሰማነው እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

የተረፉትን ፋሻዎች የስኳር ቁስል ላለባቸው ለአያ ሙስዓብ ሰጠኋቸው። ትናንት ሊያመሰግኑሽ በእግራቸው መጡ። ደስ ብሎኛል፤ እግራቸውን ማየት ግን አቃተኝ።

ሥራሽን እንዳትተዪብኝ። ብቻ ፋሻውን ለሰው ስትልኪ፣ ሳይፈታ መስገድ እንደሚቻል አብረሽ ጻፊበት። አላህ እጅሽን ይባርከው።

እናትሽ ሐዲጃ