ሁሴን ያልሽው ልጅ ውሃ ጠማው

ዘይኔ፣

ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ማንበብ እንዳልተማርሽ አልረሳሁም። ድሮም ከናዝሬት የሚመጣልኝን ደብዳቤ ጮክ ብዬ የማነብልሽ እኔ ነበርኩ፤ አንቺ ምስርሽን እየለቀምሽ፣ «ይኼ ሰውዬ ሰላምታው በዝቷል፤ የሚደብቀው ነገር አለ» ትዪኝ ነበር። አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነበርሽ። ስለዚህ ሰላምታ አላበዛም። ይህን የምጽፈው የየዕለቱን ነገር በምመዘግብበት ደብተር ላይ ነው። ስጨርስ መቃብርሽ ዘንድ መጥቼ አነብልሻለሁ።

ቤቱ ተለውጧል። የሣር ክዳኑ ወርዶ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ዝናብ ሲመታው ጎን ለጎን ተቀምጠን አንሰማማም። እናትሽ ከሲሬ መጥተው ከእኛ ጋር ይኖራሉ። የተከልሽው ባሕር ዛፍ አጥሩን አልፎ ሄዷል። የጭላሎ ተራራ ጉም እንደለበሰ ሳምንቱን ሙሉ አልተገለጠም፤ ሽማግሌዎቹ ይህን አልወደዱትም። እኔ ጉም ጉም ነው ባይ ነኝ።

አየሽ፣ ሰላምታ ባላበዛም ሌላ ወሬ አበዛሁ። ልጃችን ታሟል።

ስሙን ያወጣሽለትን ቀን ሰሞኑን ደጋግሜ አስባለሁ። አራት ዓመት ልጅ አጥተን ቆይተን፣ ባሌ ወዳለው የሼህ ሁሴን መቃብር የሚሄዱት ሰዎች ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ በትራቸውን ይዘው በደጃችን ሲያልፉ ወተት አጠጣሻቸው። በዚያው ቆመሽ ተሳልሽ፤ ወንድ ልጅ ካገኘሽ ስሙን ሁሴን ልትዪው፣ ሰባት ዓመት ሳይሞላውም ከአንድ ወይፈን ጋር ይዘሽው ልትሄጂ። ተወለደ። በሰባተኛው ቀን በጉ ታርዶ ስሙ ሊወጣ ሲል እኔ ተከራከርኩሽ። «ሳጉሬ ገበያ መሐል ቆመሽ ሁሴን ብለሽ ብትጣሪ ዘጠኝ ሰው ይዞራል፤ አንዱማ ደንግጦ አህያውን ይለቃል። ለነጋዴ ልጅ የማይምታታ ስም ይሻላል» አልኩሽ። ሳቅሽብኝ። «ሲጠራ ብዙ ሰው የሚዞርለት ልጅ ብቻውን አይቀርም» አልሽኝ። ከአንቺ ጋር ተከራክሬ ስሸነፍ ያ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

ትኩሳቱ አንቺን በወሰደሽ ቀን ያወራሽኝ ስለዚያው ስለት ነበር። እሺ አልኩሽ። በመጀመሪያው ዓመት ዝናቡ መንገድ ዘጋ። በሁለተኛው አጨዳ ደረሰብኝ። ዘንድሮ ደግሞ «ከርሞ» አልኩ። መስከረም ሲጠባ ሰባት ዓመት ይሞላዋል።

ሚያዝያ ላይ ውሃ አበዛ። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው አልኩ። ከዚያ በደብተሬ መመዝገብ ጀመርኩ፤ ስምንት ጣሳ፣ አሥራ አንድ ጣሳ፣ አሥራ አራት ጣሳ። ከእኔ እኩል ይበላል፤ ክንዱ ግን ከቀን ወደ ቀን ይቀጥናል። ሱሪውን በገመድ አሰርኩለት። ከሳምንት በኋላ ገመዱን እንደገና አጠበቅሁት።

እናትሽ ሁለት ነገር አሉኝ። አንደኛው፣ «ውሃው ነው ሥጋውን የሚያቀልጠው፤ ከልክለው» የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ «ስሙ ከብዶታል። የወሊይ ስም ተሸክሞ፣ ስለቱ ሳይደርስ፣ እንዴት ይቁም? ስሙን ቀይርለትና ሌላ ልጅ ይምሰል» የሚል። በእሳቸው አገር በስም ለውጥ የዳኑ ልጆች አሉ፤ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ።

የመጀመሪያውን ወዲያው ተቀበልኩ። ልክ መሰለኝ፤ ከረጢቱ ቢያፈስ ቀዳዳውን ትደፍኛለሽ። እንስራውን ጓዳ አስገብቼ ቆለፍኩና ቁልፉን ወገቤ ላይ አሰርኩ። በቀን ሦስት ጣሳ ብቻ ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። «አባ፣ አንድ ጉንጭ» ሲለኝ «ለጤናህ ነው» እለው ነበር። ሳያለቅስ ቁልፉን ያያል። በሁለተኛው ቀን በቅሎዋ የምትጠጣበት ገንዳ ላይ በሆዱ ተኝቶ አገኘሁት። ገንዳውን ደፋሁት። ይህንንም ጽፌዋለሁ፤ ደብተሬ ላይ ውሸት ጽፌ አላውቅም።

ሁለተኛውን ግን አልቀበልም አልኩ፤ ምንነቱን የማላውቀውን ዕቃ ለውጬ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ልጁን ይዤ አረቡ ሳሌህ ሱቅ ሄድኩ። ያቺን አረንጓዴ ሻሽ የሸጠልሽ የመኑ ሰው ነው፤ አሁን ጢሙ ሁሉ ነጭ ሆኗል። «ሁሴን ማለት ምንድን ነው?» አልኩት።

«ስሙን ለልጅህ ሰጥተህ አሁን ትርጉም ትጠይቃለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ስሙን ያወጣችው እናቱ ናት» አልኩት። «ሐሰን ቆንጆ ነው። ሁሴን ትንሹ ቆንጆ። የነቢዩ የልጅ ልጆች ናቸው፤ ታላቁ ሐሰን፣ ታናሹ ሁሴን። ከእኔ አገር እስከ ባሌ ጥራ፣ ሰው ይወጣልሃል። ባሌ ያሉት ሼህ የእሱን ስም ወረሱ፤ የእናንተ እናቶች ደግሞ የሼሁን ለልጆቻቸው ሰጡ። እኔ ጨርቅ እለውጣለሁ ወዳጄ፤ እንዲህ ያለ ስም አልለውጥም።»

ልመለስ ነበር። ነጋዴ ግን የዕቃውን መጨረሻም ይጠይቃል። «ያ የመጀመሪያው ሁሴን፣ ፍጻሜው እንዴት ነበር?» አልኩት።

ሳሌህ የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ። «በረሃ ላይ ገደሉት» አለ። «ከነልጆቹ ከበውት፣ ወንዙን እያየ፣ ሦስት ቀን ውሃ ከልክለውት።»

ይህን ጊዜ ልጃችን የኮቴን ጫፍ ጎተተ። «አባ፣ ውሃ» አለ።

ሳሌህ በቆርቆሮ ኩባያ ቀዳለት። አራት ኩባያ ሳያቋርጥ ጠጣ፤ ጥርሱ ከኩባያው ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል። ሳሌህ የተሰነጠቀ ከንፈሩን አየና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይኼን ልጅ ማነው የከለከለው?» አለኝ። ቁልፉ ወገቤ ላይ ነበር።

ዘይኔ፣ እኔ ስም ዕጣ ይጽፋል ብዬ አላምንም፤ ዛሬም አላምንም። ግን ወንዙን ከጠበቁት ጋር ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ቤት እንደደረስኩ ጓዳውን ከፍቼ ቁልፉን ባሕር ዛፉ ሥር ቀበርኩት።

አንድ ነገር ደግሞ አይቼ ዝም ብዬ ነበር። ልጁ ከጓሮ ሽንት በሚሸናበት ቦታ ጉንዳን ይሰበሰባል። የስኳር ጆንያ የተቀደደ ያህል። ጉንዳን ወደ ምን እንደሚመጣ ሱቅ ያለው ሰው ያውቃል። ይህን ክሊኒኩ ላለው ድሬሰር፣ ከሸዋ ተመድቦ ለመጣው ለአቶ ታደሰ ነገርኩት። ቀልደኛ ሰው ነበር፤ ስነግረው ቀልዱን አቆመ። «ደሙ ውስጥ ስኳር በዝቷል። ውሃ አይከልክሉት። መርፌው እዚህ የለም፤ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ በየቀኑ ነው የሚወጋው። ዛሬ ነገ አይበሉ» አለኝ። «ይደርሳል?» አልኩት። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ያስተካክል ጀመር፤ የተስተካከሉ ነበሩ።

እናትሽ አለቀሱ። «የሼሁን አደራ ጥለህ ወዴት ትሄዳለህ? መንገዱ ወደ ባሌ ነው» አሉኝ። ባሌ በበቅሎ ስንት ቀን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የልጁንም ክንድ አይቻለሁ። ስለዚህ ወይፈኑን ወንድምሽ ከድር ዛሬ ጠዋት ከተሳላሚዎቹ ጋር ይዞ ሄደ። ከድር ራሱ፣ «ወይፈኑ ይሄዳል፤ ልጁ ድኖ በእግሩ ይደርሳል» አላቸው። እሳቸው ግን ልጁን ዛሬም በስሙ አልጠሩትም፤ «አንተ» ብቻ ይሉታል። እኔ ደግሞ በየምክንያቱ እጠራዋለሁ። ሁሴን፣ ና። ሁሴን፣ ጠጣ። ድምፁ ደክሟል፤ ሁለት ጊዜ ጠርቼው ነው አቤት የሚለኝ።

ትናንት ሳጉሬ ሄጄ ነበር፤ የጭነት መኪና ፍለጋ። እህል ተራው መሐል ቆሜ፣ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ «ሁሴን!» ብዬ ተጣራሁ። ዞሩ። ዘጠኝ አልነበሩም፤ አልቆጠርኳቸውም። «ልጄ ታሟል፤ ስሙ ስማችሁ ነው» አልኳቸው። ገብስ የሚሰፍረው ቁናውን አስቀመጠ፤ በግ የሚጎትተው ገመዱን በእግሩ ረገጠ፤ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። አንዱ የትሬንታ ኳትሮ ጭነት መኪና ሾፌር ነበር። «ነገ ማለዳ አዲስ አበባ እጭናለሁ። ሞክሼዬ ጋቢና ይቀመጣል፤ አንተ ከፈለግህ ከጆንያው ላይ ውጣ» አለኝ። አንቺ ብትኖሪ አሁንም ትስቂብኝ ነበር።

ይኸው፣ ጀንበር ሳትጠልቅ መጥቼ መቃብርሽ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ጉሙ ከጭላሎ ወርዶ ከተማው አፋፍ ደርሷል። ልጁ ትከሻዬን ተደግፎ አንቀላፍቷል፤ ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ኮዳ ሞልቼ አጠገቡ አድርጌያለሁ።

ነገ አዋሽ ድልድይ ስንደርስ መኪናውን አስቆማለሁ። ሾፌሩን ለምኜዋለሁ፤ እሺ ብሏል። አዝዬው ወደ ወንዙ እወርዳለሁ፤ በእጄ እየዘገንኩ፣ በቃኝ እስኪለኝ አጠጣዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አላውቀውም። የመጣው ቢመጣ ግን ያወጣሽለትን ስም እኔ አልለውጠውም፤ አንቺንም ያንን ቁልፍም አልረሳም። በደብተሬ ነገ የምጽፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ሁሴን ወንዝ ዳር ደርሶ ጠጣ።

አብዲ፣ የሁሴን አባት