የእማዬ ሆድ ፈጣን ነው

ውድ ወንድሜ፣

ስልክህን ያላነሳሁት አኩርፌ ነው። በስልክማ መቼ ታስጨርሰኛለህ! ይህን ደብዳቤ ግን ሳታቋርጠኝ ታነበዋለህ።

እማዬ በሆድ የሚደረገውን የኩላሊት እጥበት፣ ያን ፈሳሽ ሆድ ውስጥ አቆይቶ በአዲስ መቀየር፣ እንደጀመረች፣ ሆዷ ፈሳሹን እንዴት እንደሚቀበል የለኩ ዕለት ሲስተር «ፈጣን ነው» አለችን። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከእማዬ ጋር አንድ ሰሞን የጀመሩት ጡረተኛው መምህር «የእኔስ ዘገምተኛ ነው አሉኝ» ሲሉ እማዬ ከንፈሯን መጠጠችላቸው። ወዲያው ለአንተ ደወለች። የውሃ መስመር ኢንጂነር አይደለህ፣ እዚያው ፈረድክ፦ «ፈጣን ከሆነማ ፈሳሹን ሆድሽ ውስጥ ያዝ አድርጊው፣ የበለጠ ይጠርግልሻል። የቀኑን ቅያሪ ተይው፣ ምን ያንገላታሻል?»

ሆድ ግን ቱቦ አይደለም። ሲስተር ለእኔ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ስኳር ነው ውሃውን ከሰውነቷ የሚስበው። ፈጣን ሆድ ቆሻሻውን ቶሎ ያወጣል፣ ስኳሩንም ቶሎ ይመጥጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የቆየው ፈሳሽ ተመልሶ ወደ ገላዋ ይገባል። መምህሩ ቢያቆዩት ይጠቅማቸዋል፤ እማዬ ግን ቶሎ ቶሎ መቀየር አለባት። ይህን ስነግራት «እሺ» አለችኝ። እሺታዋ እኔን ዝም ለማሰኘት መሆኑን በየት ልወቅ? እኔ ሱቅ ስውል እሷ ያንተን ትሠራለች።

እግሯ አበጠ። ፊቷ ሞላ፤ ጎረቤቶች «ተስማማሽ፣ ወፈርሽ» ሲሏት ትስቃለች። ቆይታ ለመተኛት ትራስ በትራስ መደራረብ ጀመረች። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ሆድ ይፍጀው» ብላ ዞረች። ሆዷማ አልፈጀውም፣ ውሃው ወደ ሳንባዋ ሄደ።

ማክሰኞ ለምሳ ስመጣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ አፏን ከፍታ አየር ስታሳድድ አገኘኋት። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ቅያሪውን ተይው ያለሽ ማነው?»

«እሱን… እንዳትቆጪው» አለችኝ፣ በዚያ ትንፋሿ።

ሐኪም ቤት ጠንከር ያለ ፈሳሽ አደረጉላት፤ ሲስተርም ሳታቆይ ቶሎ ቶሎ ትቀይርላት ጀመር። ይህ ካልሠራ በማሽን ወደ መተንፈስ ነው የምትሄደው አሉኝ። ከሆዷ የወጣው ፈሳሽ ከነከረጢቱ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ከገባው በላይ ወጥቷል» አለች ሲስተር። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን ቤት ናት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በጀርባዋ ተንጋላ ተኛች፣ አንኮራፋችም። ያ በልጅነታችን እንቅልፍ ይነሳን የነበረ ማንኮራፋት። በሩ ላይ ቆሜ እየሰማሁ አለቀስኩ።

የጻፍኩልህ ልወቅስህ አይደለም፤ ብወቅስህም እሷ አታስነካህም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ስትነቃ «ኢንጂነሩ ሳያውቅ አይናገርም፣ ያበጥኩት ጨው በዝቶብኝ ነው» አለችኝ። አጠገቧ ሆኜ የምነግራት ለእሷ ጭቅጭቅ ነው፤ ከሩቅ ያልካት ግን ሕግ ነው።

ሰኞ ሱቅ እከፍታለሁ፤ ቀኑን ብቻዋን ትውላለች። ደብዳቤውን በሰው እጅ የላክሁት ከዚያ በፊት እንዲደርስህ ነው። ደውልና «እማዬ፣ ተሳስቻለሁ» በላት። ለማንም ብለኸው አታውቅም፣ አውቃለሁ። ለእሷ በላት። ካንተ አፍ ካልሰማች ሰኞም ታቆየዋለች።

የምትወድህ፣ የተናደደችብህም እህትህ