ከነጫጭ ድንጋዮቹ ሥር የጻፍኸው

ውድ ሸሪፍ፣

ይህን የምጽፍልህ ከጉም ማደሪያ ኩርባ ላይ፣ አንተ ከደረደርሃቸው ነጫጭ ድንጋዮች አጠገብ ተቀምጬ ነው። ከጧቱ አንድ ሰዓት አልፏል። ጉሙ ገደሉን ስለሸፈነው የወደቅህበት ቦታ አይታየኝም፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህም ትልቅ ውለታ ነው። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ጽሑፌን ብታየው "የቢሮ እጅ" ብለህ ትስቅብኝ ነበር።

ከሞትህ አሥር ወር ሆነህ። ለቅሶህ ላይ "ወንድሜ ነበር" እያልሁ ደረቴን ደቅቻለሁ፤ ያየኝ ሁሉ አዝኖልኛል። ውሸቴን አልነበረም። ያልተናገርሁት ግን ነበር፣ እሱን ልነግርህ ነው።

ከሰላ ድንጋይ ተቀጥሬ ደብረ ብርሃን ስመጣ የተከራየሁት ክፍል ካንተ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። የመጀመሪያዋን ሌሊት ጥርሴ ሲንገጫገጭ በግድግዳው ሰምተህ ብርድ ልብስ ይዘህልኝ መጣህ። እስከ ዛሬ አልመለስሁልህም። ሥጋ ለየብቻችን፣ ሽሮ በጋራ እየበላን ሦስት ዓመት ኖርን። አፊፋን ልትጠይቅ አልዩ አምባ ሽማግሌ ስትልክ ከመካከላቸው ክርስቲያኑ እኔ ብቻ ነበርሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷም "ወንድሜ" ትለኝ ነበር።

እኔ የቢሮ ሰው ሆንሁ፤ አንተ ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ከአንኮበር አልዩ አምባ ሚኒባስ ነዳህ። የመስመሩ ሾፌሮች "ኤሊው" ይሉህ ነበር። የቸኮለ ተሳፋሪ ያንተን መኪና ሲያይ ሌላ ይጠብቅ ነበር።

የእኔ ሥራ በዞኑ የሚደርሰውን የመኪና አደጋ መመዝገብ ነው። ፖሊሶቹ የሚሞሉትን ቅጽ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ በእሱ የምስክር ወረቀት ተሸልሜበታለሁ፣ አንተም "እንኳን ደስ አለህ" ብለህ ቴምር አምጥተህልኛል። በቅጹ ላይ ሰውየው የት እንደወደቀ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ሞቱ የተረጋገጠበት ቦታ ነው። የአደጋው ምክንያት ለሚለው አምስት ምርጫ አስቀምጬአለሁ፦ ፍጥነት፣ ቅድሚያ አለመስጠት፣ ስካር፣ እንቅልፍ፣ ያለ መንጃ ፈቃድ ማሽከርከር። ሁሉም የሰው ጥፋት ነው። መንገዱ ራሱ ሰው ሊገድል እንደሚችል አልታሰበኝም።

አምና ኅዳር ላይ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ይዘህ ቢሮዬ መጣህ።

"ብሬ፣ ያንተ ኮምፒውተር ጉም ማደሪያ ላይ ስንት ሰው ሞቷል ይላል?"

አየሁልህ። "በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም የለም።"

"እኔ ጋ ሰባት ድንጋይ አለ።"

ሰው በሞተ ቁጥር አንድ ድንጋይ ኖራ ቀብተህ ኩርባው ዳር እንደምታስቀምጥ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሳቅሁብህ። በድንጋይ የሚቆጥር የመረጃ ባለሙያ አገኘሁ አልሁ። አንተ አልሳቅህም።

"ከአስፋልቱ ሥር ያለው ቱቦ ተሰብሯል" አልኸኝ። "የምንጩ ውሃ መንገዱን አቋርጦ ነው የሚወርደው። ጧት ውርጭ ሲመታው መስተዋት ይሆናል። ኩርባው ደግሞ ወደ ገደሉ ያዘነብላል። ከሰባቱ ስድስቱ የሄዱት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ነው፣ ሁሉም ቁልቁል ሲወርዱ። በአካፋ ሞክረን አቅቶናል። ማሽን ለአንድ ቀን ቢመጣ ያልቃል፣ ወላሂ።"

ገባኝ፣ ሸሪፍ። ወዲያው ነው የገባኝ። ሰባቱም ቁስለኛ ሆነው ወደ ደብረ ብርሃን ተጭነው ሆስፒታል በር ላይ ወይም አልጋ ላይ ሞተዋል፤ ቅጼም ሁሉንም ከተማ ላይ ጽፏቸዋል። ነገር ግን በዚያው ወር "በአንኮበር መስመር የሞት አደጋ ጠፍቷል" የሚል ሪፖርት ልኬ ነበር፤ የደረጃ እድገቴም በሪፖርቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ስለዚህ እንዲህ አልሁህ፦

"የበጀት ዓመቱ ይለቅና እናየዋለን። ከሰኔ ሠላሳ በኋላ።"

"ውርጩ ሰኔን አይጠብቅም፣ ብሬ።"

ወረቀትህን ጠረጴዛዬ ላይ ትተህ ወጣህ። የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥሁበት። ከዚያ የት እንደገባ አላውቅም።

ጥር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ምሳ እየበላሁ የትራፊክ ፖሊሱ ሳጅን ቃለ አብ ደወለልኝ። ሚኒባስ ገደል ገብቶ፣ ተሳፋሪዎቹ ቆስለው ተርፈው፣ ሾፌሩ ሆስፒታል በር ላይ መሞቱን ነገረኝ።

"ተሳፋሪዎቹ ቀስ ብሎ ነው ሲነዳ የነበረው ይላሉ። አልጠጣም፣ አልተኛም፣ ፍሬኑም ደህና ነው። ቅጹ ግን ምክንያት ካልመረጥሁ አላሳልፍ አለኝ። የቱን ልበል?"

"ፍጥነት በል።"

"ሰዎቹ ግን..."

"ፍጥነት በልና ላክልኝ፣ ሳጅን። ሌላው ሁሉ ማስረጃ ይፈልጋል።"

የሾፌሩን ስም አልጠየቅሁም። ምሳዬን ጨረስሁ፤ እጄንም ታጠብሁ። ቅጹ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ስም፦ ሸሪፍ አብዱልሀፊዝ። ቦታ፦ ደብረ ብርሃን ከተማ። ምክንያት፦ ፍጥነት። ከአንድ ጊዜ በላይ አነበብሁት። ከዚያ ማኅተም አደረግሁበት፤ ማኅተም ማድረግ ሥራዬ ነው።

ከአርባህ በኋላ አፊፋ ቢሮዬ መጣች። ወረቀቱን ከፊቴ ዘርግታ ጣቷን ከቃሉ ላይ አላነሳችም።

"ሸሪፍ በፍጥነት ሞተ ነው የምትሉኝ? ለሰርጉ እንኳ ሁለት ሰዓት አርፍዶ የመጣ ሰው?"

"ሳጅኑ የሞላው ነው" አልኋት።

"ሳጅኑን አላህ ይይለት።"

"እግዜር ይፍረድበት" አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁት፣ በዚህ አፌ። የሞተው ባልሽ፣ የገደለው ወንድምሽ እያለ አገሩ የሚተርተው ከፊቴ ቁጭ ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ግማሹን ብቻ ነው የምታውቀው። ልትወጣ ስትል ከፌስታል ውስጥ ኖራ የተቀባ ድንጋይ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

"ከመኪናው ወንበር ሥር ነው የተገኘው። ለሚቀጥለው ሰው አዘጋጅቶት ነበር። አንቱ ያስቀምጡለት፣ እኔ እዚያ መሄድ አልችልም።"

አሥር ዓመት አንተ ስትለኝ የኖረች ሴት አንቱ አለችኝ። በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች።

ድንጋዩን አላስቀመጥሁትም። መስኮቱ ሲከፈት ወረቀት እንዳይበን ሪፖርቴ ላይ ጫንሁት። በዚያ ሪፖርት መሠረት በዞኑ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሞትበት ቦታ የሆስፒታሉ በር ነው፤ አሥራ አራት ሰው፣ አንተን ጨምሮ። ሐምሌ ላይ በጀት ተለቀቀና እዚያው በር ላይ ሁለት የፍጥነት መቀነሻ ተሠራ። ሪባን ሲቆረጥ አጨብጭቤአለሁ። አሁን አምቡላንስ በመጣ ቁጥር እዚያ ላይ ይንገጫገጫል። ቢሮዬ ቅርብ ስለሆነ ቁስለኛው ሲጮኽ በመስኮቴ ይሰማኛል። በቀን ሁለት ሦስቴ እሰማዋለሁ፤ መስኮቱን ብዘጋውም ይሰማል።

ዘንድሮ የመጀመሪያው ውርጭ የጣለ ዕለት ድንጋይህን ይዤ እዚህ መጣሁ። ሌላ ጥሩ ነገር ከልቤ ወጥቶ እንዳይመስልህ፤ ጩኸቱን ስለፈራሁ ነው። ቦታ ላበጅለት ብዬ አንዱን ድንጋይ ሳዞረው ከሥሩ በቀይ ቀለም ጽሑፍ አየሁ፦ "ታኅሣሥ 9፣ ጧት 1፡20፣ ቁልቁል፣ ውርጭ"። ሁለተኛውን ገለበጥሁ። ሦስተኛውን። ሰባቱም ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አቅጣጫው፣ የአየሩ ጠባይ ተጽፏል። ብርጭቆ ያስቀመጥሁበት ወረቀት ማለት ይኸው ነበር። እኔ በኮምፒውተር ያጣሁትን አንተ በኖራ ድንጋይ ይዘኸዋል። አልቅሼ ነበር፤ ግን ማን ይፈልገዋል የእኔን ለቅሶ።

ሁሉንም ወረቀት ላይ ገልብጬ ከሆስፒታሉ መዝገብ ጋር አመሳከርሁት። ገጠመ። ቅጹን ለወጥሁት፤ ሰው የወደቀበትን ቦታ የሚጠይቅ መስመር ጨመርሁበት፣ በምክንያቶቹም ውስጥ የመንገዱን ብልሽት አስገባሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በለኝ። አምስት ዓመት የተሳሳተው እኔ መሆኔን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለኃላፊዬ ለአቶ ወልደአረጋይ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው።

"ጥሩ ሥራ ነው፣ ብርሃነ መስቀል። ማሽን ግን በዕቅድ ነው የሚታዘዘው። የበጀት ዓመቱ ይለቅና እናየዋለን።"

ሸሪፍ፣ ቃል በቃል ነው። ከእኔ የተማረው ይመስል።

"ውርጩ ሰኔን አይጠብቅም" አልሁት። እኔ ያን ቀን አንተን ባየሁበት ዓይን አየኝና ወደሚቀጥለው ወረቀት ሄደ።

ስለዚህ የዓመት ፈቃዴን ሞልቼ ወጣሁ። ከኩርባው በላይ ያለ ገበሬ አሳድሮኛል፤ ጧት ጧት ቀይ ጨርቅ ይዤ መንገዱ መሀል እቆማለሁ። ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ትናንት አንድ የጭነት ሾፌር "ይሄን ሰውዬ ጠበል ውሰዱት" ብሎኝ አለፈ፤ ግን ፍሬን ይዞ ነው ያለፈው። ፈቃዴ የሚያልቀው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ውርጩ እስከ ጥር መጨረሻ ይቆያል። ይህን ሒሳብ ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም።

ያንተን ድንጋይ ስምንተኛ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ከሥሩ እንዳንተው ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍሁ፤ ቁልቁል፣ ውርጭ፣ በዝግታ። ምክንያት ብዬም ስሜን ጽፌአለሁ። ሌላ አንድ ድንጋይ ደግሞ ኖራ ቀብቼ እንዳንተ በቦርሳዬ ይዣለሁ። ከሥሩ ገና ምንም አልተጻፈበትም።

ድምፅ ይሰማኛል፣ ቁልቁል የሚመጣ መኪና ነው። ልነሳ።

ብርድ ልብስህ ከእኔ ጋር ያለው
ብርሃነ መስቀል

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ አፊፋ፣ የሳጅኑን ስልክ ያነሳው ማን እንደነበር እንዲያውቁት