አበባሽን ያጨድኩት እኔ ነኝ

ውድ ኢንገርሊሴ፣

ቅዳሜ ጓሮሽን ልታዪ እንደምትመጪ ስትነግሪኝ "እሰይ!" ብዬ ጮኽኩ። ስልኩን ስዘጋው ግን ጎጆዬ ደረጃ ላይ ዘጭ አልኩ። ዓይንሽ ከማየቱ በፊት ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ፤ ድምፅሽን እየሰማሁ ልናገረው ደግሞ ወኔ የለኝም። አበባሽ የለችም። የዱር አበባ ሜዳሽን ያጨድኩት እኔ ነኝ።

እባክሽ፣ ሳትቀዳድጂው እስከ መጨረሻው አንብቢው።

በሚያዝያ ወድቀሽ ዳሌሽ የተሰበረ ዕለት፣ አምቡላንስ ውስጥ ሲያስገቡሽ እንኳ "ፕሬበን፣ ቲማቲሙን ውሃ አጠጣ፤ ሜዳዬን ግን እንዳትነካብኝ!" ብለሽኛል። አልረሳሁትም። ግን ሰኔ ሲገባ ሣሩ ጉልበቴ ደረሰ፤ ከማኅበሩ የተከራየነውን ጓሮ የሚቆጣጠረው ኮሚቴ በየአጥሩ እየዞረ የሚፈትሽበት ቀንም ደረሰ። ሁለት ዓመት በተከታታይ "አረም አሳድገሻል" ተብለሽ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብሻል። ሦስተኛ ከተጨመረ ቦታውን ይወስዱብሻል። አንቺ በክራንች ላይ ሆነሽ ጓሮሽን ሊነጥቁሽ! አንጀቴ አልችል አለ።

ረቡዕ ጠዋት ማጨጃዬን አውጥቼ ጥርግ አደረግኩት። ጥጋጥጉን ሳይቀር በመቀስ አስተካከልኩ። የማጨጃውን ባትሪ የሞላሁትም፣ ጉድ በይ፣ ከአንቺው ጣሪያ በመጣ ኤሌክትሪክ ነው።

እነዚያን ሁለት የፀሐይ ፓነሎች ጎጆሽ ላይ ስታሰቅዪ ከታች ቆሜ አላግጥብሽ ነበር። "ሴትዮ፣ ዴንማርክ መሆንሽን ረሳሽው? ጃንጥላ ብትሰቅዪ አይሻልሽም?" ስልሽ ውሃ አፍልተሽ አንድ ኩባያ ሻይ በአጥሩ ላይ አቀበልሽኝ። "ጠጣ፣ ፀሐይ ናት" አልሽ። "ከዚያ ከሚያጓራ የቤንዚን ማጨጃህም ገላግለን፤ በባትሪ የሚሠራ ግዛና ኤሌክትሪኩን ከኔ መስመር ውሰድ።" በማግስቱ ገመዱን በአጥሩ ሥር አሳለፍሽልኝ። ባለቤቴ ኪርስተን ከሞተች ወዲህ ሰው አፍልቶ የሰጠኝ የመጀመሪያው ሻይ ነበር። ያን ጊዜ አልነገርኩሽም።

በፍተሻው ቀን የኮሚቴውን ሊቀመንበር ኬልድን ደረቴን ነፍቼ በርሽ ላይ ጠበቅኩት። በአጥሩ አሻግሮ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ፕሬበን፣ ሜዳው የት ሄደ?"

"አጸዳሁላት!"

"ምን አደረግክ? አገር በቀል አበባ ማብቀል እንዲፈቀድ በመጋቢቱ ስብሰባ ተከራክራ አስወሰነች እኮ! እኔ ለሌሎቹ የማሳየው ፎቶ ላነሳ ነው የመጣሁት።"

በመጋቢቱ ስብሰባ አጠገብሽ ነበርኩ፣ ኢንገርሊሴ። እንቅልፌን ስለጥጥ።

ያን ዕለት ከሰዓት ከተኛሽበት ማገገሚያ ደወልሽ። "ሰማያዊዋ ፈነዳች?" አልሽኝ። ከተወለድሽበት መንደር፣ ከመንገድ ዳር ዘሯን ለቅመሽ፣ "የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ማዳበሪያ አትጠይቅ፣ ጊዜ ብቻ ነው የምትፈልገው" እያልሽ ሦስት ዓመት ቅጠሏን ብቻ ስታዪ የኖርሽባት አበባ! እንዴት ብዬ ልንገርሽ? "እምቡጥ ይዛለች" አልኩሽ። "በል፣ እሷ ስትፈነዳ እኔ ክራንቼን እጥላለሁ" ብለሽ ሳቅሽ። በሳምንቱ "ፈነዳች" አልኩሽ። "ንብ አለባት?" "ሞልቶ!" አንቺ ዛሬ አሥር እርምጃ ሄድኩ፣ ዛሬ ኮሪደሩን ጨረስኩ እያልሽ ስታበስሪኝ እኔ ባዶውን መሬት እያየሁ አለቅስ ነበር። አዎ፣ አለቅስ ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት።

ትናንት አበባ መሸጫ ሄጄ ሰማያዊ ነገር ገዝቼ ልተክልበት ነበር። ሂሳብ መክፈያው ጋ ስደርስ መልሼ አስቀመጥኩት። ማጨዱስ በየዋህነት ነው፤ ይሄኛው ግን አንቺን መናቅ ነው።

አሁን የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ይህን አንብበሽ መራመዱን እንዳትተዪው። ስደቢኝ፣ እስከ ገና አታናግሪኝ፣ ግን እኔን እቀጣለሁ ብለሽ እግርሽን አትበድዪው።

ሥሩን አልነካሁትም። ከዝናቡ በኋላ ሦስት ዓይነት ቅጠል ብቅ ብሏል፤ አንደኛው ሻካራ ነው፣ አንደኛው ጠባብ፣ ሌላው መሬት ላይ የተለጠፈ። ኬልድን ጠየቅኩት፣ አያውቅም። ከመጽሐፍ ጋር አስተያየሁት፣ ሁሉም አንድ መሰለኝ። የትኛው እሷ እንደሆነች የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ እስከ በርሽ ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ነው፤ ያውም በአንቺ አካሄድ። በመንገዱ ላይ አራት ቦታ ወንበር አስቀምጣለሁ። ሲደክምሽ ትቀመጪና ትሰድቢኛለሽ፤ ሲወጣልሽ ክንዴን ይዘሽ እንቀጥላለን።

ከአጥሩ ማዶ፣
ፕሬበን