ማዶ የሚሰጣው ቀይ ብርድ ልብስ

መስከረም 14

ቀዩ ብርድ ልብስ ወጥቷል። እማዬ ደህና አድራለች ማለት ነው። እኔም መስኮቴ ሥር ያለው ሽቦ ላይ ሰማያዊውን አንሶላ ሰቀልኩ። አለሁ... ወንዙ እንደዚያ እየጮኸ ሌላ ምን መባባል ይቻላል? ስልክ ደግሞ ማዶ አይሠራም።

ቀኑን ሙሉ የተማሪ ሱሪ ሳሳጥር ዋልኩ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ብቅ አለ።

"ዛሬስ እናትሽ ምን አለች?"

"ያንን ሥራ ፈት ጎረቤትሽን አባሪው አለች።"

"ነጭ ብታወጣስ?"

"የጎደለኝ ነገር አለ ማለት ነው። አውጥታ ግን አታውቅም።"

ሳቀ። ደንበኛ ሲያጣ ሥራው እኔን ሥራ ማስፈታት ነው።

መስከረም 20

አንድ መሐንዲስ ወንዙን ሊለካ መጣ። ሱቄ የገባው ኪሱ ተቀዶ ነው። እየሰፋሁለት ስለ ከተማዋ ጠየቀኝ። ከተማ ከተባለች... ነገርኩት። ሁለት ሰፈር ነን፣ መሃላችን ወንዝ። ላይ ሰፈር ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ የመኪና መንገዱ። ማዶ ታች ሰፈር፤ ወፍጮው፣ የሎሚ ዛፎቹ። ድሮ ሰው የሚበዛው እዚያ ነበር። እኔም እዚያ ነው የተወለድኩት። አንዱ ለትምህርት፣ አንዱ ለንግድ እያለ ወደዚህ ተሻገረ። ድልድዩን ባለፈው ክረምት ውሃ በላው፣ የእውነቴን ነው የምለው። አሁን እናቴ ዘንድ ለመድረስ በላይኛው መሻገሪያ ዞሮ የቀን መንገድ ነው። ቤቷ ግን ይኸው! በሯን ስትከፍት ይታየኛል። ፊቷ ነው የማይታየኝ።

"ማዶ ስንት ሰው ቀርቷል?" አለኝ።

"አሥራ አንድ።"

ቁጥሩን ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ከዚያ ኪሱን ዳበስ አድርጎ፣ "ጥሩ ሰፍተሽዋል" አለ። አጻጻፉን አልወደድኩትም።

ጥቅምት 3

የፈራሁት አልቀረም። ስብሰባ ተጠራ። የከተማው ጸሐፊ ብድግ አለና፣ "ለአሥራ አንድ ሰው ድልድይ ከመሥራት አሥራ አንዱን ሰው ማምጣት አይቀልም ወይ?" አለ። ሰው አጨበጨበ። ታች ሰፈር የተወለዱት ሳይቀሩ! ቆሽቴ አረረ።

እኔስ ግን? እማዬ እዚህ ብትመጣ፣ አጠገቤ ብትተኛ፣ ጠዋት ጠዋት ብትቆጣኝ... እጄ ሊያጨበጭብ ዳድቶት ነበር። እንዲያውም ጉልበቴ ላይ ይዤ ነው ያስቀረሁት።

ጥቅምት 4

አንሶላውን ሰቅዬ መስኮቱ ጋ ብዙ ቆምኩ። "ነይ" የሚል ቀለም የለንም።

ጥቅምት 19

ብርድ ልብሱ አልወጣም።

አርፍዳ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ምንም። ምንም ካልወጣ ምን ማለት ነው? በዚህ አልተነጋገርንም። እንዴት ሳንነጋገር ቀረን? በሯም አልተከፈተም... ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ትቶ በቅሎ ሊለምንልኝ ሮጧል። እሄዳለሁ።

ጥቅምት 20

እማዬ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው። ትናንት ስደርስ ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሮ ነበር። በሩን በርግጄ ስገባ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች።

"መጣሽ?" አለችኝ። ጓሮ ደርሼ የመጣሁ ይመስል።

"እማዬ! ብርድ ልብሱስ?"

"ሣጥን ውስጥ ነው።"

"አመመሽ?"

"ምን ያመኛል።"

"ታዲያ ለምን አላወጣሽውም?"

ቢላዋውን አስቀመጠች። "ካላወጣሁት ትመጫለሽ ብዬ ነዋ።"

መንገዱን ሁሉ ሳለቅስ ነው የመጣሁት። ተናደድኩ። ጮኽኩባትም። ከዚያ አንገቷ ሥር ገብቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ጠረኗ ናፍቆኝ ነበር... ይህን ያህል እንደናፈቀኝ አላውቅም ነበር። ከስታለች። ይሄ ከላይ ሰፈር አይታይም።

ጥቅምት 21

ስለ ስብሰባው ነገርኳት። አብረን እንሂድ አልኳት፣ ለመንኳት።

"እኔ ስወጣ ባለ ወፍጮው ይወጣል" አለች። "እሱ ሲወጣ የቀሩት ምን ይጠብቃሉ? ያኔ ጸሐፊያችሁ ማዶ ሰው የለም ብሎ እግሩን ዘርግቶ ይተኛል።"

"እኔስ? እስከ መቼ ነው ብርድ ልብስ እያየሁ የምኖረው?"

"አንቺማ ሱቅ አለሽ።"

ከሰዓት የባለ ወፍጮው ሚስት የተቀደደ ቀሚስ ይዛ መጣች። በእጄ ሰፋሁላት። ቀጥሎ መጋረጃ መጣ። ቀጥሎ የሁለት ሽማግሌዎች ካፖርት። ለካ እዚህ መርፌ የሚያይ ዓይን የቀረው ሰው የለም። እማዬ ሁሉንም እያየች አንድ ቃል አልተናገረችም። ተንኮለኛ።

ኅዳር 2

ላይ ሰፈር። ዛሬ እማዬ ዘንድ ልገባ የስፌት መኪናዬን በቅሎ ላይ ጫንን። ጫንን እላለሁ፤ የጫነው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ገመዱን ቋጠረ፣ ፈታ፣ እንደገና ቋጠረ።

"ምን ያስቸግርሃል?"

"ገመዱ ነው።"

ገመዱ ምንም አልሆነም።

"መቼ ትመለሻለሽ?"

"ድልድዩ ሲሠራ።"

"እሱማ..." ብሎ ተወው። የሆነ ነገር ሊለኝ ነበር። እኔም ልለው ነበር። ሁለታችንም ስለ በቅሎዋ አወራን። የሱቁን ቁልፍ ሰጠሁትና፣ "ቤቱ እንዳይሻግት መስኮቱን አልፎ አልፎ ክፈትልኝ" አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ ለሰው የምለው ይሄን ብቻ ነው?

ኅዳር 4

ታች ሰፈር። ጸሐፊው ይወቀው፣ አሥራ ሁለት ሆነናል። እማዬ ሌሊቱን ሙሉ ታንኮራፋለች። ደስ ይላል።

ጠዋት እማዬ ቀዩን ብርድ ልብስ አስጪው ብላ ሰጠችኝ። "አሁን ማን ሊያየው ነው?" ብላት፣ "ከልማድ አይጎደልም" አለችኝ። አሰጣሁት። ላይ ሰፈር ከዚህ ሲታይ እንዴት ትንሽ ናት! ትምህርት ቤቱን አገኘሁት። መንገዱን አገኘሁት። ሱቄን ስፈልግ ቆየሁ... መስኮቱ ተከፍቷል።

ሽቦዬ ላይ ፎጣ ተሰቅሏል። የፀጉር ቤት ፎጣ። አጥቦ ይሆናላ፣ አልኩ ለራሴ። ግን እኮ እሱ የሚያሰጣው ጓሮው ነው። አንድ ብቻ ነው የሰቀለው። ነጭ።

ነጭ ምን ማለት እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። የነገርኩት እኔ ነኝ።