የዘለልኳቸው ፍተሻዎች

ጥር 6
ዛሬም አርባ ሰባት ደቂቃ። አንዲት መስመር ኮድ ነክቼ... አርባ ሰባት! አውቶማቲክ ፍተሻው በሙሉ ካላለቀ የመድኃኒት መጠን የሚያሰላው ሶፍትዌራችን ለሆስፒታሎች አይለቀቅም። የአንድ የስክሪን ቁልፍ ቀለም ለመቀየር የመድኃኒት ስሌት መፈተሽ ምን ይሉታል? ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። አለቃዬ፣ "ምነው፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?"

ጥር 9
ተገኘ! የተነካውን ኮድ አይቶ የሚመለከተውን ፍተሻ ብቻ የሚመርጥ ፕሮግራም ጻፍኩ። አራት ደቂቃ! አለቃዬ ዓይኑ በራ። ጋሼ ግን፣ የቢሯችን አንጋፋ ፕሮግራመር፣ ጎንበስ ብለው ስክሪኔን አዩ። ፍተሻዎቹን አንድ በአንድ የጻፉት እሳቸው ናቸው።
"ልጄ፣ የቀሩትን ማን ያያቸዋል?"
"አያስፈልጉማ፣ ጋሼ።"
ከፋቸው ይሆን?

ጥር 17
በቀን አሥር ጊዜ እንለቃለን። ደስ ሊለኝ ሲገባ ለምን አልረጋም? ምሳዬን እንኳ ቆሜ በላሁ።

ጥር 20
ከሆስፒታል አንዲት ነርስ ደወለች። "ለስድስት ኪሎ ሕፃን ይሄን ያህል? ኮምፒውተራችሁ አብዷል?" ከሚገባው አሥር እጥፍ! መርፌውን ከሞላች በኋላ በዛባት... ተወችው። ሕፃኑ ደህና ነው። ደህና ነው። ደህና ነው።
ጠዋት የመድኃኒት መጠን ሰንጠረዡ ተቀይሮ ነበር፤ አንዲት የአሥርዮሽ ነጥብ ቦታዋን ስታ። የኔ ፕሮግራም ኮድ እንጂ ሰንጠረዥ አያይም። "የሚመለከተው ፍተሻ የለም" ብሎ አሳለፈው። ነበር እኮ! ጋሼ ልክ ለዚሁ የጻፉት። ዘለልኩት።

ጥር 21
ስብሰባ። አለቃዬ ጥፋቱን ሰንጠረዡን በቀየረው ልጅ ላይ ሊጥል ነበር። "የኔ ነው" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ጋሼ ይወቅሱኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።
"በይ፣ የቱ እንደሚዘለል አብረን እንይ።"

ጥር 28
ከጋሼ ጋር የማይዘለሉትን መልሰን ፍተሻው አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆነ። ሰንጠረዥ ከተነካ ሁሉም ይፈተሻል፤ ባይነካም በቀን አንዴ ሁሉም። አለቃዬ አጉረመረመ... ያጉረምርም።
ነርሷን ይቅርታ ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። መድኃኒት በመርፌ ስትቀዳ ደረስኩ። ቀዳች፣ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየች፣ ከዚያ ደግሞ ለጓደኛዋ አሳየች።
"ሁልጊዜ ሁለት ሰው ነው የሚያየው?"
"የሕፃን ነዋ!" አለችኝ፣ ይሄም ይጠየቃል በሚል ዓይን።
ቢሮ ተመልሼ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ፍተሻ ጻፍኩ፤ የኔው ፕሮግራም የሰንጠረዥ ለውጥን ሳያይ እንዳያልፍ የሚጠብቅ። ለጋሼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው ቀስ ብለው አነበቡ።
አላጣደፍኳቸውም።