የቅዳሜው ቋጠሮ

ልጄ ኖላዊ፣ የሰላም አምላክ ቤትህን ይጠብቅልህ።

ለሐይቁ ዐለታማ ወለል ያሰርኋቸው ሦስት ክሮች ከነመንጠቆአቸው ማድቤት ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ውሃው ውስጥ ከመጣልህ በፊት ሁሉንም ፈትተህ እንደገና ቋጥራቸው። መንጠቆው የሚንጠለጠልበትን የክር ቀለበት ቋጠሮውን በምራቅህ አርሰህ ቀስ ብለህ አጥብቀው፤ በደረቁ ከጠበቀ ክሩ ይበጠሳል። ክሩን ወደ ታች የሚያሰጥመውን የእርሳስ ክብደት ማሰሪያ ቀጭን አድርገው፤ ዐለት ሲይዘው እርሳሱ ብቻ ተበጥሶ ይቀራል፣ ሌላው ይተርፍልሃል።

ቅዳሜ ትልቁ ዓሣ ክሩን በጥሶ ሲያመልጥ «አቋጣጠርህ ነው» ብዬ በሰው ፊት ዘለፍሁህ። አንተ ግን «መሪጌታ፣ እሱም ነፍስ አለው፣ ይተዉት ይኑር» ብለህ ሳቅህ።

ቋጠሮው የእኔ ነበር፤ ሳላርስ አጠበቅሁት።
ክሩ በወጉ ከታየኝ ወር አልፎታል። ሐኪሙም «ዓይንዎ አይመለስም» ብሎኛል።

ዌስተን ወዳለው የአረጋውያን መኖሪያ ሄጃለሁ፤ ልትመልሰኝ አትምጣ።
የቤትህ ቁልፍ ከክሮቹ አጠገብ አለ።

ፊደሌ ስለተጣመመ ይቅር በለኝ።

መሪጌታ ገብረክርስቶስ